የስልክ ውል ሲያልቅ፦ አይፎን ወይስ አንድሮይድ?

አሜሪካ የሚኖር ሰው የስልኩን የመጨረሻ ወር ክፍያ ከፍሎ ሲገላገል፣ ብዙም ሳይቆይ ከስልክ ኩባንያው መልእክት ይደርሰዋል። «አሮጌውን ያምጡ፣ አዲሱን በነፃ ይውሰዱ» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ወንድሙን ወይም የሥራ ባልደረባውን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አይፎን ይሻለኛል ወይስ አንድሮይድ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ። እንደገና ልፈርም ወይስ ያለኝን ስልክ ይዤ ልቀጥል? ነገር ከሥሩ እንዲሉ፣ ከውሉ መጀመር ይሻላል፤ ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው እዚያ ላይ ነውና።

ድሮ ውል ማለት የሁለት ዓመት እስር ነበር። ኩባንያው 600 ዶላር የሚያወጣውን ስልክ በ200 ዶላር ይሰጥና ልዩነቱን ከወርኃዊው ቢል ላይ ቀስ እያለ ያስመልሳል፤ ጊዜው ሳይደርስ የወጣ ደንበኛ ይቀጣል። ቲሞባይል ይህን አሠራር በ2013 ተወ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 መጀመሪያ ላይ ተከተሉት። ዛሬ የአገልግሎቱና የስልኩ ሂሳብ ለየብቻ ይመጣል፤ ስልኩ በ24 ወይም በ36 ወር ተከፍሎ የሚያልቅ፣ ወለድ የሌለው ብድር ነው። ሰው መቼም ቢሆን መውጣት ይችላል ተባለ። «ነፃ ስልክ» የሚባለው ማስታወቂያ ግን የድሮውን እስር በሌላ በር መልሶ አስገባው።

ሂሳቡን አንድ በአንድ እንየው። ስልኩ 800 ዶላር ነው እንበል። በ36 ወር ሲካፈል በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ይሆናል። ኩባንያው ይህን ገንዘብ በየወሩ ቢሉ ላይ ያስከፍላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ክሬዲት» ብሎ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ስልኩ ነፃ ይመስላል። በ12ኛው ወር ላይ ሌላ ኩባንያ ልግባ ያሉ እንደሆነ ክሬዲቱ ወዲያው ይቆማል፤ የቀሩት 24 ክፍያዎች፣ 533 ዶላር ገደማ፣ ባንድ ጊዜ ይጠየቃሉ። አሮጌው ስልክዎ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ተወስዷል። በዚያ ላይ ቅናሹ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ውዱን ፓኬጅ ለሚይዝ ደንበኛ ነው። ከርካሹ ፓኬጅ ጋር ያለው ልዩነት በወር 15 ዶላር ቢሆን በ36 ወር 540 ዶላር ይሆናል። ነፃ የተባለው ስልክ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ። ክፍያው ያለቀ ስልክ የእርስዎ ንብረት ነው። የዚህን ያህል የመደራደር አቅም የሚኖርዎት እስኪፈርሙ ድረስ ብቻ ነው፤ አዲስ ውል በፈረሙ ማግስት ያ አቅም ለሦስት ዓመት ይጠፋል። ለመፈረም የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ አይቸኩሉ፤ የዛሬው ቅናሽ ቢያልፍ ሌላ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚደረገው ስልኩን አንሎክ ማስደረግ፣ ማለትም በሌላ ኩባንያ ሲምም እንዲሠራ ማስከፈት ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ መብት በቀላሉ አልተገኘም። በ2013 መጀመሪያ ላይ ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ አዲስ ስልክ አንሎክ ማድረግ ሕገ ወጥ ሆኖ ነበር፤ ሰዉ የተቃውሞ ፊርማ አሰባስቦ፣ ኮንግረስ አዲስ ሕግ አውጥቶ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በነሐሴ 2014 ፈርመውበት ነው የተስተካከለው። ከ2015 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ክፍያው ያለቀ ስልክ ሲጠየቁ ለመክፈት ተስማምተዋል። መከፈቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ገብተው ወደ ታች ሲወርዱ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር ያገኛሉ፤ ከጎኑ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ከተባለ ተከፍቷል። አንድሮይድ ላይ የሚያስተማምነው የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብቶ መሞከር ነው።

የተከፈተ ስልክ የያዘ ሰው የትልልቆቹን ኔትወርክ ተከራይተው አገልግሎቱን በርካሽ ወደሚሸጡ ኩባንያዎች መሄድ ይችላል። አራት ስልክ ላለው ቤተሰብ ይህ በዓመት ብዙ መቶ ዶላር ያድናል። ኢትዮጵያ ላሉ ወላጆች በየወሩ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

አሮጌው ስልክ በርግጥ አልቆለታል?

ብዙ ስልክ የሚጣለው ባትሪው ስለደከመ ብቻ ነው። አፕል በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ሆን ብሎ በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል፤ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው ሲል አስረዳ። ቁጣው ሲበረታ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ያን ጊዜ አዲስ ስልክ ሊገዙ የነበሩ ሰዎች ባትሪ ብቻ ቀይረው ስልካቸው እንደቀድሞው ሲፈጥን አይተዋል። ዛሬ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ አፕል ጋ እንደ ሞዴሉ ከ70 እስከ 120 ዶላር ገደማ ነው። ቢሆንም ከ800 ዶላር ጋር አይወዳደርም።

ባትሪ የማይፈታው ግን የሶፍትዌር እድሜ ነው። ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ፣ በተለምዶ አፕዴት የምንለውን፣ ማግኘት ካቆመ የባንክ አካውንትዎን ይዞ መዞሩ አደጋ አለው። በዚህ በኩል ነገሩ በቅርቡ ተለውጧል። ለብዙ ዓመታት አይፎን ከአንድሮይድ ይበልጥ ነበር፤ በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስኤስ በ2024 የወጣውን አይኦኤስ 18 አግኝቷል፣ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ይረሱ ነበር። ከዚያ ጉግል በጥቅምት 2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጥር 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገቡ። ርካሹ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 ፋይቭጂ እንኳ አሜሪካ ውስጥ በ200 ዶላር ገደማ ተሽጦ የስድስት ዓመት ተስፋ ተሰጥቶታል። በ2025 ዝቅተኛው አዲስ አይፎን፣ 16ኢ፣ 599 ዶላር ነበር። «አንድሮይድ ቶሎ ይሞታል» የሚለው የድሮ ምክር ለጉግልና ለሳምሰንግ አሁን አይሠራም፤ ስማቸው ለማይታወቅ ርካሽ ስልኮች ግን ዛሬም ልክ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ሞዴል የማሻሻያ ዘመን በስሙ ፈልገው ያንብቡ። ዘመኑ የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አለመሆኑንም አይርሱ።

ለምን ሁለት ብቻ ቀሩ?

ይህን ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። አይፎን በሰኔ 2007 ሲወጣ የሚሸጠው በኤቲ ኤንድ ቲ ብቻ ነበር። ቬራይዘን ጋ ውል ያለው ሰው አይፎን ከፈለገ ወይ ውሉን ያፈርሳል ወይ ቬራይዘን በየካቲት 2011 መሸጥ እስኪጀምር ይጠብቃል። የመጀመሪያው አንድሮይድ፣ ጂ1፣ በጥቅምት 2008 በቲሞባይል በኩል መጣ። በዚያ ዘመን የኖኪያው ሲምቢያንና ብላክቤሪ፣ ትንሽ ቆይቶም የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን በገበያው ነበሩ። ዊንዶውስ ፎን የገዛ ሰው ስልኩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ባንኩ አፕ አልሠራለትም። ገዢው ሲያንስ አፕ ሠሪው ይሸሻል፤ አፕ ሲያንስ ገዢው ይሸሻል። ማይክሮሶፍት በ2020 መግቢያ ድጋፉን አቆመ፤ የድሮው ብላክቤሪ ስልክ አገልግሎት ጥር 4 ቀን 2022 ተዘጋ።

ዛሬ ይህ ስጋት የለም። ባንኩ፣ ኡበሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አፕ፣ ቴሌብርም ጭምር ሁለቱም ላይ ይሠራሉ። ካሜራው፣ ፍጥነቱ፣ ስክሪኑ በተመሳሳይ ዋጋ ሲነፃፀር ልዩነቱ ለአብዛኛው ሰው የሚታይ አይደለም፤ እዚያ ላይ ረጅም ክርክር መክፈት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስልኩን የሚጠቀመው ማን ነው፣ የሚያወራውስ ከማን ጋር ነው?

ከአማርኛ ልጀምር፤ በስልክ ግምገማዎች ውስጥ ይህ ነጥብ አይነሳም፣ ለእኛ ግን ከካሜራው ይበልጣል። ሁለቱም ስልኮች የግዕዝ ፊደልን በትክክል ያሳያሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአንድሮይድ ምናሌዎች ጭምር ወደ አማርኛ ተተርጉመዋል፤ ጉግል ፒክስል ላይ ቋንቋውን አማርኛ ቢያደርጉት ማስተካከያው፣ ማስጠንቀቂያው፣ የስልክ መደወያው ሁሉ በአማርኛ ይመጣል። ሌሎች ፋብሪካዎች ግን በየገበያው የሚያስገቡትን ቋንቋ ራሳቸው ስለሚመርጡ፣ ሱቅ ውስጥ ያለውን ስልክ ከፍተው የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን ይፈልጉ። አይፎን እስካሁን ምናሌዎቹን በአማርኛ አያቀርብም፤ ሲሪም አማርኛ አትሰማም። የጉግል ኪቦርድ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ማይክሮፎኑን ተጭኖ መናገር ነው። ስሞችን ይስታል፣ ዓረፍተ ነገሩን አንዳንዴ ያጣምማል፤ ግን ጣቷ ትንንሽ ፊደል መንካት ለሚያስቸግራት እናት ትልቅ ነገር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጆቿ ጋ የምትኖር፣ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማታነብ እናት አለች እንበል። ልጆቹ ሁሉም አይፎን ስለያዙ ለእርሷም አይፎን ይገዙላታል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሚመጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ እስከ ማታ ድረስ ልጅ ጠብቃ ታስነብባለች፤ አንዳንዴም ያልገባትን ተጭና ገንዘብ ወይም ፎቶ ይጠፋባታል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ምናሌው በአማርኛ የሚነበብ የ200 ወይም የ500 ዶላር አንድሮይድ ከ1000 ዶላሩ አይፎን ይሻላል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ክብርም አለበት፤ የራስን ስልክ ራስ ማንበብ።

አይፎን ለያዘና አማርኛ መጻፍ ለሚፈልግ፣ ከ2014ቱ አይኦኤስ 8 ወዲህ የሌሎች ድርጅቶችን ኪቦርድ መጫን ይቻላል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ «ሙሉ ፈቃድ» ይጠይቃሉ፤ ይህን ከሰጡ ኪቦርዱ የሚጽፉትን ወደ ውጭ መላክ የሚችልበት መንገድ ይኖረዋል። አይፎን የይለፍ ቃል ሲጻፍ ራሱ ወደ አፕል ኪቦርድ ይመለሳል፤ የግል ደብዳቤዎን ግን አይጠብቅልዎትም። ያለ ሙሉ ፈቃድ የሚሠራ ኪቦርድ ይምረጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ መልእክት ነው። አፕል በ2011 አይሜሴጅን ካመጣ ወዲህ፣ ከአይፎን ወደ አይፎን የሚላከው ሰማያዊ፣ ወደ አንድሮይድ የሚሄደው አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ለዓመታት አረንጓዴው የተላከለት ሰው ቪዲዮው ደብዝዞ ይደርሰው ነበር። በመስከረም 2024 አይኦኤስ 18 አርሲኤስ የተባለውን የጋራ አሠራር ስለተቀበለ አሁን ፎቶና ቪዲዮው በጥሩ ጥራት ይደርሳል፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ለአዋቂዎቻችን ይህ ብዙም አያሳስብም። የማኅበሩ፣ የዕቁቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ያለው ቴሌግራም፣ ቫይበር ወይም ዋትስአፕ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የስልኩን ዓይነት አይለዩም። አሜሪካ ትምህርት ቤት የሚማር የ15 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። የጓደኞቹ ግሩፕ አይሜሴጅ ላይ ከሆነ ቀለሙ ከግሩፑ ሊያስወጣው ይችላል። አግባብ ነው አልልም፤ ወላጅ ግን ልጁን ሳይጠይቅ መወሰን የለበትም።

ሰዓትና ሌሎች ተጓዳኝ ዕቃዎችንም ያስቡ። አፕል ዋች ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም፤ ከ2021 ወዲህ የወጡት የሳምሰንግ ሰዓቶችም ከአይፎን ጋር አይሠሩም። ኤርፖድስ ግን አንድሮይድ ላይም እንደ ተራ ብሉቱዝ ማዳመጫ ያገለግላል። ቻርጀሩ ችግር መሆኑ ቀርቷል፤ ከአይፎን 15 ወዲህ ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ነው። በክላውድ በኩል አፕል በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት፣ ጉግል 15 ነው። ሁለቱም ከሠርግና ከክርስትና ቪዲዮ በኋላ ይሞላሉ፤ ስለዚህ ወርኃዊ ክፍያውን የስልኩ ዋጋ አካል አድርገው ይቁጠሩት።

ለመለወጥ ከወሰኑ

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። አጥጋቢ ምክንያት ከሌለ ባሉበት ይቆዩ። የተገዙ አፖች ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገሩም፣ የለመደ እጅም እንደገና መማር አለበት። ምክንያት ካለ ግን፣ ለምሳሌ ዋጋው፣ ቋንቋው ወይም ቤተሰቡ፣ አይፍሩ። መሸጋገሪያው ካለፉት ዓመታት በጣም ቀልሏል። ከባዱ ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው።

ከአይፎን የሚወጣ ሰው ሲሙን ከማውጣቱ በፊት አሮጌው ስልክ ላይ አይሜሴጅንና ፌስታይምን ይዝጋ። ይህን የዘለለ ሰው ላይ የሚደርሰው ይህ ነው፤ አይፎን ያላቸው ወዳጆቹ የሚልኩት መልእክት አሁንም ወደ አፕል ሄዶ ይቀራል፣ አዲሱ ስልክ ላይ ምንም አይመጣም፣ ላኪውም የደረሰ ይመስለዋል። ስልኩን አስቀድሞ ለሰጠ ሰው አፕል ከ2014 ጀምሮ ቁጥርን በድረ ገጽ የሚያሰርዝበት መንገድ አለው። ፎቶዎችን ከአይክላውድ ወደ ጉግል ፎቶስ አፕል ራሱ ያስተላልፋል፤ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ መጀመር ነው።

የዋትስአፕ ታሪክ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ከ2021፣ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ከ2022 ጀምሮ መሻገር ይችላል። ይህ በአስተማማኝ የሚሠራው ግን አዲሱ ስልክ ገና ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ማስተካከያ ወቅት፣ በዚያው ስልክ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ስልኩን አስጀምሮ፣ ሁለት ቀን ተጠቅሞ፣ ከዚያ የሟች አባቱን የድምፅ መልእክት ሲፈልግ ያጣዋል። ቴሌግራም ጣጣ የለውም፤ ቁጥሩን አስገብቶ መግባት ነው፣ ምስጢራዊ ውይይት የሚባለው ብቻ አሮጌው ስልክ ላይ ይቀራል። ባንክና ኢሜይል ላይ አዲሱ ስልክ መታወቁን በየተራ እስኪያረጋግጡ ድረስ አሮጌውን አይደምስሱ፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሮጌውን ወደ አገር ቤት ለመላክ

ብዙዎቻችን ውል ሲያልቅ አሮጌውን ስልክ ለእህት ወይም ለወንድም እንልካለን። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ያሳዝናል፤ ስልኩ በሰው ሻንጣ አዲስ አበባ ይደርስና አይከፈትም። አንዱ ምክንያት ያልተነሳ ሎክ ነው። ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ከአካውንቱ አለመውጣቱ ነው። አይፎን ከ2013 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ከ2015 ወዲህ፣ ስልኩ ተደምስሶም ቢሆን የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ይህ ሌባን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ እህትዎንም ግን እንደ ሌባ ያያታል። ስለዚህ ከመደምሰስዎ በፊት አይፎን ላይ ከአፕል አካውንትዎ ይውጡ፣ «ፋይንድ ማይ»ን ያጥፉ፤ አንድሮይድ ላይ የጉግል አካውንቱን ከስልኩ ያስወግዱ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከመስከረም 2022 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ አይፎኖች፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተሠራ ዲጂታል ሲም ብቻ ነው። በ2025 ደግሞ አሜሪካ የሚሸጡት መደበኛዎቹ ፒክስል 10 ስልኮች ተከተሉ። እንዲህ ያለውን ስልክ የተቀበለ ሰው ሱቅ ሄዶ የገዛውን ሲም የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ከመላክዎ በፊት ተቀባዩ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ወደ ሳፋሪኮም ማዕከል ጎራ ብሎ ያ ሞዴል በኢሲም ይመዘገብለት እንደሆነ ይጠይቅ። እርስዎም ክረምት ላይ አገር ቤት ሲሄዱ ያው ጉዳይ ይገጥምዎታልና፣ በየዓመቱ የሚመላለሱ ከሆነ አዲሱን ሲመርጡ የሲም ማስገቢያ ያለውን ሞዴል ለይተው ይጠይቁ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24ና ኤስ25 አሜሪካም ውስጥ ማስገቢያውን ይዘው ነው የተሸጡት።